ምስክሩ የጠፋበት ነጥብ

በወላጆቼ ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ ከአሮጌ የትምህርት መጻሕፍት ጋር ተከምሮ የቆየ አንድ ደብተር ባለፈው ክረምት እጄ ገባ። የፊተኛው ግማሽ የሰባተኛ ክፍል ማስታወሻዬ ነው። ከኋላ ገልብጬ የጀመርኩት ሌላኛው ግማሽ ደግሞ በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት የተጫወትኳቸውን ጌሞች ስምና ለእያንዳንዳቸው ከአሥር የሰጠሁትን ነጥብ ይዟል። አብዛኞቹ መስመሮች ስምና ቁጥር ብቻ ናቸው፤ በምን ስሜት እንደጻፍኳቸው ዛሬ ማስታወስ አልችልም። አንዱ መስመር ግን ይለያል። «ጎድ ሃንድ» ከሚለው ስም አጠገብ መጀመሪያ 6 ተጽፎ ተሰርዟል፤ ቀጥሎ 9 ተጽፎ እሱም ተሰርዟል፤ በመጨረሻ 8 ቀርቷል። ከሥሩ በእርሳስ፣ «ጥግ ባለው ማሽን ነው የተጫወትኩት፤ የጆይስቲኩ ክብ ቁልፍ ጠንከር ተደርጎ ካልተጫኑት አይሠራም» የሚል ማስታወሻ ሰፍሯል።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ነገር ሁሉ ከዚያች የእርሳስ ማስታወሻ የሚመነጭ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ብቻቸውን ስለ ጌሙ የሚነግሩኝ ነገር የለም፤ ማስታወሻዋ ግን ማን፣ የት፣ በምን ዕቃ እንደተጫወተ ትነግረኛለች፤ የመጀመሪያው 6 ለምን ዝቅ እንዳለ እንኳ እንድገምት ታደርገኛለች። የጌም ግምገማ በመሠረቱ የአንድ ሰው ምስክርነት ነው ብዬ አምናለሁ። ምስክር ያየውን ሲናገር የት ቆሞ እንዳየው አብሮ ይናገራል፤ ሰሚውም የቃሉን ክብደት የሚለካው በዚያ ነው። ነጥቡ ከጽሑፉ ተነጥሎ ብቻውን መዞር ሲጀምር ግን ምስክሩ ይጠፋና ፍርዱ ብቻ ይቀራል።

ይህን የምለው ነጥብን ስለምንቅ አይደለም። የጌም ግምገማ ማንበብ የጀመርኩት በኢንተርኔት ቤት ነው። ሒሳቡ በደቂቃ ስለነበር ገጹ እስኪከፈት የሚያልፈው ጊዜም ከኪሴ የሚቆረጥ ነበር፤ ሦስት ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቦ ለመጨረስ ደግሞ ገንዘቡም የቋንቋ ችሎታውም አልነበረኝም። ስለዚህ ገጹ እንደተከፈተ በቀጥታ ወደ ታች እወርድና ቁጥሩን አይቼ እወጣ ነበር። 8 ወይም 9 ያገኘውን ጌም ስም በብጫቂ ወረቀት ጽፌ ለፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት እሰጠዋለሁ፤ እሱም መርካቶ ሲሄድ ሲዲውን ይፈልግልኛል። ለቸኮለ፣ ገንዘቡ ለተቆጠረና ቋንቋው ለከበደው ሰው ቁጥር የሚሰጠው አገልግሎት እውነተኛ መሆኑን በራሴ ስላየሁት፣ ነጥብ መስጠት ከነጭራሹ ይቅር ከሚሉ ሰዎች ጋር ሙሉ በሙሉ መስማማት አልቻልኩም።

ጎድ ሃንድ ክሎቨር ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2006 ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው፣ ሺንጂ ሚካሚ የመራው የድብድብ ጌም ነው። ተጫዋቹ ከረጅም የቡጢና የእርግጫ ዝርዝር ውስጥ የሚወደውን እየመረጠ የምቱን ቅደም ተከተል ራሱ ያዘጋጃል። ካሜራው ከገጸ ባሕርዩ ጀርባ ተጣብቆ ስለሚሄድ ከኋላ የሚመጣውን ጠላት ለማየት ያስቸግራል። በስክሪኑ ላይ አንድ መለኪያ አለ፤ በደንብ ሲዋጉ ከፍ ይላል፣ ምት ሲቀበሉ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ባለ መጠን ጠላቶቹ ይበልጥ ይፈጥናሉ፣ ይበልጥ ይጨክናሉ። የመጨረሻው ደረጃ ስም «ሙት» እንደማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን መነሻውን መንደር ማለፍ አቅቶኝ በንዴት 6 ጻፍኩ፤ ለዚያ 6 ከፊሉን ኃላፊነት ጆይስቲኩ ሳይወስድ አይቀርም። ከሳምንት በኋላ መለኪያው የሚወጣውና የሚወርደው በእኔው አጨዋወት ልክ መሆኑ ሲገባኝ፣ ጌሙ ከእኔ ጋር ሲነጋገር የቆየ ያህል ተሰማኝና 9 አደረግኩት። 8 የሆነው መቼና ለምን እንደሆነ አላስታውስም።

ከዓመታት በኋላ፣ ኢንተርኔት ስልካችን ውስጥ ከገባ ወዲያ፣ አይጂኤን የተባለው የጌም ግምገማ ድረ ገጽ ለዚሁ ጌም ከ10 ላይ 3 ሰጥቶት እንደነበር አየሁ። መጀመሪያ ቁጥሩን ብቻ አይቼ በጣም ተናደድኩ። ጽሑፉን ሳነብ ግን ንዴቴ በረደ። ገምጋሚው የመንገዶቹን ባዶነት፣ የካሜራውን አስቸጋሪነትና የጠላቶቹን ድግግሞሽ እያነሣ ያማርራል፤ እነዚህን ሁሉ እኔም አይቻቸዋለሁ፣ አንዱንም ውሸት ነው ልል አልችልም። እኔ ግን በከሰዓት በኋላ ፈቃድ አንድ ሰዓት ብቻ የተፈቀደልኝ፣ ሌላ የምሄድበት ጌም የሌለኝ፣ አንዱን ምት ሃያ ጊዜ ለመለማመድ ትዕግሥት ያለኝ ልጅ ነበርኩ። ሁለታችን ያየነው አንድ ነገር ነው፤ የቆምንበት ቦታ ነው የሚለያየን። የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካዩን በሚያወጣው ድረ ገጽ፣ በሜታክሪቲክ ላይ፣ የዚህ ጌም አማካይ 73 ነው። የእሱን 3 እና ጌሙን ከልባቸው የወደዱትን ሰዎች ነጥብ አንድ ላይ ደምሮ የሚያካፍለው ይህ 73 ማንም ሰው ያልተናገረው ቃል ነው፤ ጌሙን «ደኅና፣ መካከለኛ» ብሎ ያቀርበዋል፣ ጎድ ሃንድ ግን ከተጫወቱት ሰዎች መካከል መካከለኛ ነው የሚል አንድም ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ቁጥር ራሱ በየአገሩ ትርጉሙ እንደሚለያይ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት ማለፊያው 50 ነበር፤ 70 ያመጣ ልጅ ካርዱን ሳይፈራ ለአባቱ ያሳያል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ግን ብዙውን ጊዜ ከ60 በታች መውደቅ ነው፣ 70 ደግሞ መካከለኛ የሚባለው ነው። የእንግሊዝኛው የጌም ግምገማ ይህን የሁለተኛውን ልማድ ይዞ ስላደገ፣ ከ10 ላይ 7 ያገኘ ጌም በተግባር «ብዙም አይደለም» የተባለ ጌም ነው፤ ከ1 እስከ 5 ያሉት ቁጥሮች በአብዛኛው ሳይነኩ የሚቀመጡ ናቸው። ልጅ ሳለሁ 7ን እንደ ጥሩ ውጤት እያነበብኩ የመረጥኳቸው ጌሞች ነበሩ። ሜታክሪቲክ ይህን ልማድ በራሱ ሥርዓት ውስጥ አጽንቶታል። በዚያው ድረ ገጽ ላይ አንድ ፊልም 65 ቢያገኝ ቁጥሩ በአረንጓዴ ይጻፍለታል፤ ጌም 65 ሲያገኝ ግን በቢጫ ነው የሚጻፈው፣ ምክንያቱም ለጌም አረንጓዴ የሚጀምረው ከ75 ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር ለአንዱ ምስጋና፣ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

የፊደል ውጤት የሚሰጡ ገምጋሚዎች ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ሜታክሪቲክ የተለያዩ አሰጣጦችን ከመቶ ወደሚታሰብ ቁጥር ሲመልስ «ኤ» 100፣ «ቢ» 75፣ «ሲ» ደግሞ 50 እንዲሆኑ ያደርጋል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው «ቢ» ያመጣ ተማሪ ጥሩ ሠርቷል፤ ገምጋሚውም «ቢ» ሲሰጥ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ሲመነዘር ግን ሌላው ሰው ቅር ብሎት ከሰጠው 7.5 ጋር አንድ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የየተቋሙ ክብደት ይጨመርበታል፤ የማን ግምገማ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ድረ ገጹ አይገልጽም። አንባቢው የሚያየው ከዚህ ሁሉ ምንዛሬ የወጣውን አንድ ቁጥር ነው።

ያ ቁጥር የአንባቢ መሣሪያ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ አንድ ከሰዓት በኋላን ከማባከን አያልፍም ነበር። ነገር ግን የሰው እንጀራ ገባበት። ኦብሲዲያን የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ ለጌም አሳታሚው ቤቴስዳ የሠራው ፎልአውት ኒው ቬጋስ የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ወጣ፤ የተሠራበት ጊዜ ዓመት ተኩል ገደማ ነው፣ ለዚያ ስፋት ላለው ጌም እጅግ አጭር ነው። ከስቱዲዮው መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን እ.ኤ.አ. በ2012 በትዊተር እንዳስረዳው፣ ስቱዲዮው ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም፤ ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኘው ጌሙ በሜታክሪቲክ ላይ 85 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ ብቻ ነበር። ጌሙ 84 አመጣ።

በዚያች አንድ ነጥብ ላይ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ጌሙ ሲወጣ ብልሽት ነበረበት፤ ይቆማል፣ ገጸ ባሕርያት መሬት ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ገምጋሚዎች ይህን ጽፈው ነጥብ መቀነሳቸው ትክክል ነው፣ ያዩትን ነው የመሰከሩት። ከመካከላቸው አንዱ፣ በስምንትና በስምንት ተኩል መካከል እያመነታ፣ ጽሑፉን ሊልክ ደቂቃዎች ሲቀሩት 8 ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ለአንባቢው እየተናገረ መስሎታል እንጂ ከሌላ ከተማ የሚኖር ፕሮግራመር የሚጠብቀውን ገንዘብ እየወሰነ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዳኛ ቢሆን ኖሮ በፊቱ የቆመውን ሰው ያያል፣ የሚወስነውንም ያውቃል። እሱ ግን ሳያውቅ በዳኛ ወንበር የተቀመጠ ምስክር ነው። ዛሬ ኒው ቬጋስ ከዘመኑ ታላላቅ የሚና ጨዋታዎች አንዱ ተደርጎ ሲነሣ እሰማለሁ፤ ብልሽቶቹም ተጫዋቾች ራሳቸው በሠሯቸው ማስተካከያዎች በአብዛኛው ተወግደዋል። 84ቱ ግን እንደተጻፈ አለ።

ሌላው የምስክሩ ቦታ እንዴት እንደሚሰወር የሚያሳየው የሳይበርፐንክ 2077 ታሪክ ነው። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ጌሙን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2020 ከማውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የሰጠው የኮምፒውተሩን ቅጂ ብቻ ነበር፤ የራሳቸውን የቪዲዮ ቅጂ ማሳየትም ያን ጊዜ አልተፈቀደላቸውም። ኃይለኛ ኮምፒውተር ላይ የተጫወቱት ሰዎች ከፍተኛ ነጥብ ሰጡ፤ በጽሑፋቸውም በኮምፒውተር መጫወታቸውን ብዙዎቹ ገልጸዋል። ቁጥሩ ግን ይህን ማስታወሻ ተሸክሞ አይሄድም። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ያን ቁጥር አይቶ አስቀድሞ ከፈለ፤ ጌሙ ሲከፈት መንገዱ ባዶ፣ ፊቶቹ የደበዘዙ፣ ማሽኑም በየሰዓቱ የሚዘጋ ሆነበት። ከሳምንት በኋላ የፕሌይስቴሽን ባለቤት የሆነው ሶኒ ጌሙን ከኢንተርኔት ሱቁ አነሣው፤ የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ወር ነው። የኮምፒውተሩ ቅጂ አማካይ 86፣ የፕሌይስቴሽን 4ቱ ደግሞ 57 ሆኖ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው 29 ነጥብ በሙሉ «የተጫወትኩት በዚህ ማሽን ነው» የምትለው የአንዲት ዐረፍተ ነገር ዋጋ ነው።

ለመመስከር የሚጠይቀው ድፍረትም አለ። የጌም ገምጋሚው ጄፍ ገርስትማን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ይሠራበት ከነበረው ከጌምስፖት ድረ ገጽ ተባረረ። ከዚያ በፊት ኬን ኤንድ ሊንች ለተባለው ጌም ከ10 ላይ 6 ሰጥቶ ነበር፤ የዚያው ጌም ማስታወቂያ ደግሞ በዚያን ጊዜ የድረ ገጹን ፊት ሞልቶት ነበር። ከጌም አሳታሚዎች የመጣው ግፊት ከመባረሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን በአደባባይ ለመናገር የቻለው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ነጥብ ከባለቤቱ ሳይነጠል ሊቀርብ እንደሚችል የሚያሳይ አሠራር ስፈልግ የማገኘው በጃፓን ነው። ፋሚትሱ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሚታወቅበት አሠራር አራት ሰዎች አንድን ጌም ይጫወታሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ፣ እያንዳንዳቸውም ጥቂት መስመሮች ይጽፋሉ። አራቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይታተማሉ። ድምሩ ከ40 ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ 40 ያገኘው ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ ኦካሪና ኦፍ ታይም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1998። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 40ው ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን ሙሉ ያላገኙት ጌሞች ናቸው፤ ሦስቱ 8 ሲሰጡ አራተኛው 5 የሚሰጥባቸው። አንባቢው አለመስማማቱን በዐይኑ ያያል፣ ያ አራተኛው ሰው ምን እንዳስከፋው ለማወቅ ጥቂት መስመሮቹን ያነባል፤ በየሳምንቱ ሲከታተል ደግሞ ከአራቱ የትኛው የእሱን ጣዕም እንደሚጋራ እየለየ ይሄዳል። በእርግጥ የመጽሔቱ ጽሑፍ በጣም አጭር ነው፤ ሙሉ 40ም ከጊዜ በኋላ እየበዛ ክብሩ ቀንሷል። ቢሆንም ምስክሮቹ በየስማቸው ቆመው ይታያሉ።

ነጥቡን ለመተው የሞከሩም ነበሩ። የእንግሊዙ የጌም ድረ ገጽ ዩሮጌመር እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሥር የሚሰጠውን ነጥብ ትቶ ለተመረጡት ጌሞች ብቻ የማመስገኛና የማስጠንቀቂያ ምልክት መስጠት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ከአምስት ኮከብ ወደመስጠት ተመለሰ። የአሜሪካው ፖሊጎንም እ.ኤ.አ. በ2018 ነጥብ መስጠት አቆመ። ዩሮጌመር በመመለሱ አላዘንኩበትም። በደቂቃ ከፍሎ የሚያነብ ልጅ ዛሬም አለ፤ በደቂቃ ባይሆንም በሜጋባይት ይከፍላል።

በአሁኑ ጊዜ የምጫወተው በላፕቶፕ ስለሆነ ከባለሙያዎቹ ይልቅ የማነበው የኮምፒውተር ጌሞች በሚሸጡበት በስቲም ላይ ተራ ተጫዋቾች የሚጽፉትን ነው። ስቲም ከገምጋሚው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጌሙን ለሌላ ሰው ትመክራለህ ወይስ አትመክርም? ከጽሑፉ በላይ ደግሞ ሰውየው ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ራሱ ይጽፋል። ይህች የሰዓት ቁጥር ከየትኛውም ነጥብ ይበልጥ ትጠቅመኛለች። ሁለት ሰዓት ተጫውቶ «አይረባም» ያለ ሰውና አራት መቶ ሰዓት ተጫውቶ «አይረባም» ያለ ሰው ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን ነው የሚነግሩኝ፤ ሁለተኛው አንድ የሚወደው ነገር ተወስዶበታል። ከላይ የሚታየው መቶኛ ግን እዚህም ያሳስታል፤ 95 በመቶ ማለት ከመቶ ሰው 95ቱ «እመክራለሁ» አሉ ማለት ነው፣ ምን ያህል እንደወደዱት አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በዚሁ ስቲም ላይ የሆነውን ደግሞ እንደ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች በትኩረት ነው የተከታተልኩት። ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት እንዲከፍቱ እንደሚገደዱ አስታወቀ። ይህ አገልግሎት ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ ሀገራት በይፋ አይሰጥም፤ ጌሙም ከ170 በሚበልጡ ሀገራት ከሽያጭ ተነሣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ አሉታዊ ግምገማዎች ጎረፉ፤ ሶኒም ውሳኔውን አነሣ። ብዙዎቹም ተመልሰው ግምገማቸውን ወደ አዎንታዊ ቀየሩ። ይህን የግምገማ ጎርፍ እንደ ሕዝብ ጥቃት ብቻ የሚያዩት አሉ፤ ከጌሙ ጥራት ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ ገንቢዎቹን የሚጎዳ በመሆኑ ሐሳባቸው ይገባኛል። እኔ ግን አቤቱታ ነው የምለው። ሌላ የሚጮኽበት በር ያልተተወለት ሰው በተከፈተለት ብቸኛ በር ነው የጮኸው፤ ገንዘቡን ከፍሎ በሀገሩ ምክንያት ከበሩ ሊመለስ ነበርና። የከፋኝ ነገር ቢኖር አቤቱታውም ምስክርነቱም በአንድ ቁጥር ውስጥ መግባታቸው ነው፤ ጽሑፉን ላላነበበ ሰው በዚያ ሳምንት ጌሙ ራሱ የተበላሸ ይመስለዋል።

ከደብተሩ በኋላ እኔም መጻፍ ጀመርኩ። ከወር በፊት ስለ አንድ አነስተኛ፣ በታሪክ ላይ የተመሠረተ ጌም በስቲም ላይ ግምገማ ጽፌ ነበር፤ በባለሙያዎቹ ዘንድ ጥሩ ነጥብ ያገኘ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ጌሙ በመካከል ሴቭ አያደርግም፤ የሚያስቀምጠው ምዕራፉ ሲያልቅ ብቻ ነው። ያነበብኳቸው ግምገማዎች አንዱም ይህን አላነሣውም፤ መብራት በማይጠፋበት ቤት የሚኖር ሰው ሊያስተውለው የሚችል ነገር አይደለምና አልፈርድባቸውም። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶብኝ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የለፋሁበትን ንግግርና ምርጫ ሁሉ ከመጀመሪያው ደግሜዋለሁ። እንዳይመከር ልጻፍ ወይስ እንዲመከር እያልኩ ብዙ አመነታሁ። በመጨረሻ «እመክራለሁ» የሚለውን ተጭኜ፣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገሬን እንዲህ ጀመርኩ፦ «የተጫወትኩት አዲስ አበባ፣ ባትሪ በሌለው ላፕቶፕ ነው፤ በአጠቃላይ 31 ሰዓት፣ ከዚህ ውስጥ ሦስቱ የተደገሙ ናቸው።»

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው ከሥሩ ጥያቄ ጻፈ። ጌሙ ስንት ነጥብ እንደሚገባው አልጠየቀኝም። መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ከየት ጀምሮ ነው፣ አንዱ ምዕራፍስ ስንት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። ከምዕራፉ መጀመሪያ ጀምሮ እንደሆነ፣ ረጅሙ ሦስተኛው መሆኑን፣ እሱን ሌሊት ቢጫወተው እንደሚሻለው መለስኩለት።